አረሩ የት ቀረ?

ባለሽጉጡ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ልሞግትዎ ነው የመጣሁት። ሠልጣኞችዎን "ጥይት ከተቀረቀረባችሁ አቁሙ፣ አስቀምጡ፣ ባለሙያ ጥሩ" ብለው ብቻ እንደሚያሰናብቱ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ሽጉጡ እምቢ ሲለው ራሱ ማላቀቅ መቻል አለበት ባይ ነኝ። ጎማ መቀየር የማይችል ሹፌር ምን ሹፌር ነው?

አሠልጣኙ፦ ጎማ ሊቀይር ያጎነበሰን ሰው ጎማው አይገድለውም። ለመሆኑ አንተ "ተቀረቀረ" የምትለው የቱን ነው?

ባለሽጉጡ፦ ምላጭ ተስቦ ያልወጣውን ነዋ።

አሠልጣኙ፦ ነገሩ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። ሙሉ ጥይት፣ ቀለሁም ባሩዱም አረሩም እንዳለ፣ ጎርሶ አልተኮስም አልወጣምም ሊል ይችላል። ተተኩሶ ያለቀ ባዶ ቀለህ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ደግሞም ቀለሁ ተፈናጥሮ ወጥቶ፣ አረሩ ብቻ አፈሙዙ ውስጥ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው፣ እምቢ ያለ ሽጉጥ ነው የሚያየው። የመጀመሪያውን በዘንግ ከነካኸው እጅህን ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው ማንንም አይጎዳም። ሦስተኛው ምላጩን ዳግመኛ እስክትስብ ድረስ ምንም አያደርግህም፤ ስትስበው ግን ሽጉጡን እጅህ ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ባለሽጉጡ፦ እኮ! እኔም የምለው ይህንኑ አስተምሩን ነው። ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ሰው አይሳሳትም።

አሠልጣኙ፦ በቃል መለየት ቀላል ነው። ሽጉጡ እጅህ ላይ ሆኖ፣ ልብህ እየመታ፣ ሰው እያየህ መለየት ግን ሌላ ነው። እስቲ ልጠይቅህ፣ አረር አፈሙዝ ውስጥ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ባለሽጉጡ፦ ባሩዱ ሲያንስ ወይም ሲረጥብ። በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መለኮሻ ትተኩሳለች፣ ባሩዱ ግን በቅጡ አይቀጣጠልም። የመለኮሻዋ ጉልበት ብቻውን አረሩን ከቀለሁ አውጥቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሸጉጠዋል እንጂ በወዲያኛው ጫፍ አያወጣውም። አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ይይዘዋል።

አሠልጣኙ፦ ጥሩ ታውቃለህ። ምልክቱስ?

ባለሽጉጡ፦ ድምፁ። ጧ ማለት ሲገባው ጡሽ ይላል። ምቱም እጅ ላይ አይሰማም። ሽጉጡ ራሱ ቀለሁን ተፍቶ ሌላ ማጉረስ ሲገባው፣ ጉልበት ስለሚያንሰው የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሄዶ አይጨርስም። አንዳንዴ ጭሱ በፊት በኩል ሳይሆን በኋላ በኩል ይወጣል። ሲከፈት ደግሞ ያልተቃጠለ ባሩድ እንደ ፍርፋሪ ተበትኖ ይገኛል።

አሠልጣኙ፦ እንግዲህ አንተ ጥበቃ ላይ ስትቀጠር ያለማመዱህን አስታውስ። ሽጉጥ ሲከሽፍ መጀመሪያ አድርግ የተባልከው ምን ነበር?

ባለሽጉጡ፦ የጥይት ካርታውን ቂጥ በመዳፍ ምታ፣ የላይኛውን ብረት ስበህ ልቀቅ፣ ተኩስ። ሳላስብ እንዲወጣልኝ ተደርጌ ነው የተለማመድኩት።

አሠልጣኙ፦ ሳታስብ! ያ ልምምድ ጠላት ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው የተሠራ ነው፣ እዚያ ትክክል ነው፣ አልቃወመውም። ነገር ግን አረር አፈሙዝ ውስጥ የቀረበት ሰው ያንኑ ልምምድ ሲፈጽም ምን እንደሚሆን ተመልከት። ጡሽ አለ። ሽጉጡ ራሱ አላጎረሰም። ሰውየው ካርታውን መታ፣ ሳበ፣ አዲስ ጥይት ጎረሰ፣ ተኮሰ። ሁለተኛው አረር በሙሉ ጉልበቱ መጥቶ የመጀመሪያውን ይገጨዋል፣ ከኋላ ያለው ጋዝ መውጫ ያጣል። ዕድለኛ ከሆነ አፈሙዙ ቀለበት እንዳጠለቀ ጣት ያብጣል። ካልሆነም ይሰነጠቃል፣ ፍንጥርጣሪው ወደ እጅና ወደ ዓይን ነው የሚሄደው። እንግዲህ ይህን ሰው የጎዳው አለማወቁ አይደለም፣ በደንብ መልመዱ ነው።

ባለሽጉጡ፦ ግማሹን ለምዶ ግማሹን ሳይለምድ ነው የተጎዳው ማለት ይሻላል። ድምፁን እንዲሰማ ያስተማረው የለም። "ጡሽ ካለ እጅህ ይቁም፣ ሌላ ድምፅ ከሆነ ግን ልምምድህን ቀጥል" ቢባል ኖሮ እጁ ይድን ነበር።

አሠልጣኙ፦ ድምፁን የሚሰማበት ቦታ ቢሆንማ! በተኩስ ሜዳ ጆሮህን ትሸፍናለህ፣ ደግሞም መሸፈን አለብህ። አገር ቤት ደግሞ ለቅሶ ላይ አስበው። ትልቅ ሰው ሞቶ አሥር ሰው ተሰልፎ ሲተኩስ ከመካከላቸው የአንዱ ሽጉጥ ጡሽ ቢል ማን ይሰማዋል? ራሱ ባለቤቱ እንኳ የጎኑን ሰው ተኩስ የራሱ ይመስለዋል። ዕንባው በዓይኑ ሞልቶ፣ ፎካሪው አጠገቡ እየፎከረ፣ "የኔ አረር ወጥቷል ወይ?" ብሎ የሚቆም ሰው አላየሁም። በሠርግም ያው ነው። ጥይቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአባት የተወረሰ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ስንት ክረምት እርጥበት የተፈራረቀበት ነው።

ባለሽጉጡ፦ እሱን እቀበላለሁ። የለቅሶ ተኩስ ራሱ ቢቀር ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ፣ ወደ ላይ የተተኮሰ ሁሉ የሆነ ቦታ ይወርዳል። ግን ለእርስዎ ክርክር አይበጅም። ሰውየው ድምፁን ካልሰማ፣ "አቁም" የሚለው ትምህርትዎስ መቼ ይደርስለታል? ማቆምም እኮ መጀመሪያ ማወቅን ይጠይቃል።

አሠልጣኙ፦ እውነት ነው። ለማቆምም ምልክቱን ማወቅ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ አብሬህ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ነው የምንለያየው።

ባለሽጉጡ፦ ከዚያ በኋላ ያለውን እንግዲህ በአንድ ታሪክ ልሞግትዎ። የፊልም ተዋናዩን የብሩስ ሊን ልጅ ያስታውሱታል?

አሠልጣኙ፦ ብራንደንን? እንዴት አላስታውሰው።

ባለሽጉጡ፦ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1993፣ በእኛ መጋቢት 1985 ነው፤ አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዊልሚንግተን ከተማ "ዘ ክሮው" የሚባል ፊልም ሲሠራ ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። ሽጉጡ 44 ማግነም ሪቮልቨር ነው። ከዚያ በፊት በሆነ ቀን ካሜራው ሽጉጡን በቅርብ ስለሚያሳየው ጥይቶቹ እውነተኛ እንዲመስሉ ተፈለገ። የቀረጻው ሰዎች ከእውነተኛ ጥይት ላይ አረሩን ነቅለው፣ ባሩዱን ደፍተው፣ አረሩን መልሰው ሰኩት። መለኮሻዋን ግን ሳያወጡ ተዉአት። በኋላ ምላጩ ሲሳብ መለኮሻዋ ተኮሰች፣ አረሩን ከቀለሁ አውጥታ አፈሙዙ ውስጥ ሸጎጠችው። ማንም አላየም። ቀለሁ ተራገፈ፣ ሽጉጡ ባዶ ነው ተባለ። በሌላ ቀን ድምፅ ብቻ የሚያሰማ፣ ባሩድ እንጂ አረር የሌለው ጥይት ጎረሰበት። ሌላው ተዋናይ በድርሰቱ መሠረት ወደ ብራንደን ተኮሰ። የዚያ ጥይት ባሩድ እዚያው ተሸጉጦ የቆየውን አረር እንደ እውነተኛ ጥይት ገፍቶ ሆዱን መታው። ሆስፒታል ውስጥ ለሰዓታት ኦፕራሲዮን ተደርጎለት አልተረፈም።

አሠልጣኙ፦ እና ይህ ለማን ክርክር ይበጃል ትላለህ?

ባለሽጉጡ፦ ለእኔ ነዋ! ያን ሽጉጥ የነካው ሁሉ ባዶ ነው ብሎ አመነ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መለኮሻ ያለ ባሩድም አረር ትገፋለች የሚለውን ቢያውቅና አፈሙዙን በብርሃን ቢያይ ኖሮ ብራንደን ዛሬ ሽማግሌ ተዋናይ ነበር። የገደለው አለማየት ነው። "አትንካ" የሚል ትምህርት ሰውን አለማየት ያስለምዳል።

አሠልጣኙ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የማይበት። አረሩን ነቅለው፣ ባሩዱን ደፍተው፣ መልሰው የሰኩት ሰዎች ምን ያህል እንደሚያውቁ አስተውል። ጥይት እንዴት እንደሚፈታ ያውቃሉ። የሚፈነዳው ባሩድ መሆኑን ያውቃሉ። ያላወቁት አንዲት የመለኮሻ ነገር ናት። ጨርሶ የማያውቅ ሰው ያን ጥይት አይነካውም ነበር፣ ባለሙያ ቢሆን ደግሞ መለኮሻዋን ሳያወጣ አይተዋትም። አደጋውን የሠራው በመሐል ያለው ሰው ነው፣ አሥሩን አውቆ አሥራ አንደኛውን የማያውቀው። የመሣሪያ ባለሙያውም ብራንደን በተመታበት ሌሊት ቀረጻው ላይ አልነበረም ተብሏል። አንተ የምትለው ትምህርት የሚያፈራልኝ በመሐል ያለውን ሰው ነው።

ባለሽጉጡ፦ ሁላችንም እኮ አንድ ቀን በመሐል ነን ጋሼ። እርስዎም ነበሩ።

አሠልጣኙ፦ ነበርኩ። ከላዬ ግን "ያዝ፣ አትንቀሳቀስ" የሚለኝ ሰው ቆሞ ነበር። ቤቱ ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው ማን ይቆምለታል?

ባለሽጉጡ፦ እሺ፣ ነገሩን ወደ እጃችን እናምጣው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ልስጥዎ። ሽጉጡ ማካሮቭ ነው። ምላጭ ተሳበ፣ ቀጭ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ጡሽም አላለም። ምን ያደርጋል?

አሠልጣኙ፦ ምንም አያደርግም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ አረር ወደሚውጥ ቦታ፣ ወደ አፈር ቁልል ወይም ወደ አሸዋ አዙሮ እንደያዘ ይቆጥራል። ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ብዙ የተኩስ ሜዳ 1 ደቂቃ ነው የሚለው። መለኮሻዋ ዘግይታ ልትለኩስ ትችላለችና። በዘመናዊ ጥይት ብዙም አይገጥምም፣ ሲገጥምም ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ ክፋይ አያልፍም። ነገር ግን ሰው ሁሉ ሲከሽፍበት የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ምንድን ነው? ሽጉጡን ወደ ፊቱ አዙሮ ያያል። ያቺን 30 ሰከንድ ለዚህ ነው የምፈልጋት።

ባለሽጉጡ፦ ከዚያስ?

አሠልጣኙ፦ ከዚያ ጣት ከምላጩ ርቆ፣ መጀመሪያ ካርታው ይወጣል። ቀድሞ የላይኛውን ብረት የሚስብ ሰው አንዱን ጥይት ይተፋና ካርታው ውስጥ ያለውን ሌላ ያጎርሳል፣ ከዚያ ካርታውን አውጥቶ "ባዶ ነው" ይላል። ስንት ሰው በዚህች ቅደም ተከተል እንደሞተ እግዜር ይወቀው።

ባለሽጉጡ፦ ካርታው ወጣ። የላይኛውን ብረት ሳበው፣ መጣለት፣ የከሸፈው ጥይት ወጥቶ መሬት ወደቀ።

አሠልጣኙ፦ እጁን መውጫው ላይ ደቅኖ ካልተቀበለው ጥሩ። መዳፋቸውን ከላይ ከድነው ጥይቱ እንዳይጠፋ የሚይዙ አሉ። በዚያች ቅጽበት የጥይቱ ቂጥ ከሽጉጡ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ቢጋጭ መለኮሻዋ ልትተኩስ ትችላለች። ከአፈሙዝ ውጭ የሚፈነዳ ጥይት አረሩ ሩቅ አይሄድም፣ ቀለሁ ነው የሚፈነዳው። የናስ ስባሪ መዳፍ ውስጥ ይገባል። መሬት ይውደቅ ተወው።

ባለሽጉጡ፦ አዩ! እያስተማሩኝ ነው። ካርታ መጀመሪያ፣ መዳፍ ከመውጫው ይራቅ፣ አፈሙዝ ወደ አሸዋ። ይህን ሁሉ እያወቁ ለሰው "ባለሙያ ጥራ" ብቻ ብለው ማሰናበት አያሳዝንም?

አሠልጣኙ፦ ተከፍቶልሃላ! አንተ የሰጠኸኝ አጋጣሚ የተከፈተ ሽጉጥ ነው። የተከፈተ ሽጉጥ ራሱን ያሳያል። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይዞ በዓይንም በትንሿ ጣትም ማጉረሻውን ማረጋገጥ ይቻላል። ማካሮቭ ደግሞ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር አብሮ የተሰካ ስለሆነ የላይኛው ብረት ሲወልቅ አፈሙዙ እዚያው ይቀራል፣ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ነው። ብርሃን ክብ ሆኖ ከታየ መንገዱ ክፍት ነው። ጨለማ ከሆነ አረር ውስጥ አለ። እስከዚህ ለማንም አስተምራለሁ፣ ይህን ያህል አሸንፈኸኛል። ያልተከፈተውን ግን አምጣልኝ።

ባለሽጉጡ፦ ላምጣዋ። ካርታው ወጣ፣ የላይኛው ብረት ግን ግማሽ ድረስ መጥቶ ቆመ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም።

አሠልጣኙ፦ ለምን ቆመ?

ባለሽጉጡ፦ ያልሆነ ጥይት ገብቶበት ይሆናላ። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፣ ሌሎች ብዙ ሽጉጦች የሚበሉት 9 በ19 ነው። ሻጩም ገዢውም ሁለቱንም "ዘጠኝ" ይላቸዋል። 9 በ19ኙ ይረዝማል፣ ማካሮቭ ላይ በግድ ከገባ የላይኛው ብረት አይዘጋም። የማካሮቭ አረር ደግሞ ይወፍራል፣ ወደ 9.27 ሚሊሜትር ነው፣ የሌላው 9.01 አካባቢ። ወፍራሙን ለቀጭኑ በተሠራ አፈሙዝ ውስጥ በግድ ከገፉት እንደ ውሻል ይቀረቀራል።

አሠልጣኙ፦ ወይም ቀለሁ ዝጎ ይሆናል። ወይም ተሰንጥቆ ይሆናል። ወይም ቀለህ ጎታቿ ጥፍር ተሰብራ ይሆናል። ውስጡ ያለው ባዶ ቀለህ ነው ወይስ ሙሉ ጥይት? በየት በኩል ታያለህ?

ባለሽጉጡ፦ በግማሹ ክፍተት ትንሽ ይታያል።

አሠልጣኙ፦ ናሱ ይታይሃል። ናሱ ደግሞ ባዶም ሲሆን ሙሉም ሲሆን ያው ናስ ነው።

ባለሽጉጡ፦ በአፈሙዙ በኩል ቀጭን እንጨት አስገብቶ ጥልቀቱን መለካት ይቻላል። ባዶ ቀለህ ከሆነ እንጨቱ እስከ ውስጥ ይገባል፣ አረር ካለ ቀድሞ ይቆማል።

አሠልጣኙ፦ እጅህ የት ነው ታዲያ በዚያን ጊዜ?

ባለሽጉጡ፦ ... አፈሙዙ ፊት።

አሠልጣኙ፦ ሙሉ ጥይት ጎርሶ ሊሆን በሚችል ሽጉጥ አፈሙዝ ፊት። አየህ ልጄ፣ ይህን ነው የማላስተምረው። ሽጉጥ ከዘጋብህ፣ ውስጡን ለማወቅ የምታደርገው ነገር ሁሉ በማታውቀው ነገር ፊት እጅህን የሚያቆም ነው። ሰዎች ደግሞ እንጨቱን ከማስገባት አያበቁም። የመወልወያውን ብረት ያስገቡና በመዶሻ መታ መታ ያደርጉታል። አረሩ ወደ ቀለሁ ይገፋል፣ ባሩዱ ይጨመቃል፣ የቀለሁ ቂጥ ከመቺው መርፌ ጋር ይጋጫል። ዘንጉ ራሱ ጥይት ሆኖ በመዳፍ ውስጥ ያልፋል። ሌላው ናፍጣ ወይም ዘይት አፍስሶበት ሲያድር "ሞቷል" ይላል። መለኮሻዋ ብዙ ጊዜ ዙሪያዋ የታሸገ ነው፣ ዘይቱ ይድረስባት አይድረስባት አታውቅም። ብረቱ እንዲላቀቅ ከሰል ላይ የሚያሞቁም አሉ፣ እሱንስ ባልናገረው።

ባለሽጉጡ፦ እነዚህ ሁሉ የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ የምለው...

አሠልጣኙ፦ አንተም እኮ አሁን እንጨት አስገባህ።

ባለሽጉጡ፦ እሺ፣ አስገባሁ። ይቆጠርብኝ። ግን አንዱን ይመልሱልኝ። አረር ብቻውን የቀረበት፣ ሽጉጡ የተከፈተ፣ ከኋላ ምንም ጥይት እንደሌለ በዓይን የተረጋገጠ ከሆነስ? ያን አረር በናስ ወይም በጠንካራ እንጨት ዘንግ ገፍቶ ማውጣት ምን ያስፈራል? ውስጡ ባሩድ የለው፣ መለኮሻ የለው፣ ቁራጭ ብረት ነው።

አሠልጣኙ፦ እሱ አያስፈራም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከወጣ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ እንዳለ፣ አንድ አረር ነው ወይስ ሁለት የቀረው፣ የሚል ነገር ይመጣል። በሪቮልቨር ደግሞ ይብሳል። ሪቮልቨር በተኩሱ ጉልበት ሳይሆን በጣት ጉልበት ስለሚዞር፣ አንዱ ቢቀርም ቀጣዩን ያለ ችግር ይተኩስልሃል። አረሮቹ አፈሙዙ ውስጥ ወረፋ እንደያዘ ሰው ተደርድረው የተገኙበት ሪቮልቨር አለ። አፈሙዙ ተቆርጦ ሲከፈት አንዱ የሌላውን ቂጥ ነክሶ ይታያል። የመጀመሪያውን ገፍቶ ያወጣ ሰው ተደስቶ ይጨርስና ሽጉጡን መልሶ ይታጠቃል። ባለሙያ ሳያየው መታጠቅ የለበትም ነው የምለው።

ባለሽጉጡ፦ ባለሙያ፣ ባለሙያ! ጋሼ፣ የት አለ ባለሙያ? እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሆነን ስለምናወራ ቀለለን። የጦር ካምፕ ውስጥ የትጥቅ ክፍል አለ፣ በሩ ላይ አሸዋ የተሞላ በርሜል አለ፣ ወታደሩ አፈሙዙን እዚያ ውስጥ አድርጎ ያራግፋል። ከአስፋልት ወጥቶ የግማሽ ቀን መንገድ ላለ ገበሬስ? የጎረሰና የማይከፈት ሽጉጥ ወገቡ ላይ አድርጎ ሚኒባስ ይሳፈር? ሕፃን ያቀፈች እናት አጠገቡ ተቀምጣ?

አሠልጣኙ፦ በፍጹም አይሳፈር! ሽጉጡ ከቦታው አይነቃነቅም። ባለሙያው ነው ወደ ሽጉጡ የሚመጣው። ለአካባቢው ፖሊስ ይነገራል።

ባለሽጉጡ፦ ፈቃድ ከሌለውስ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ሰውየው ከአባቱ ወርሶት፣ ሳያስመዘግበው፣ ጣሪያ ሥር ደብቆት የኖረ ነው። እሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ "ሽጉጤ ተቀረቀረ" ይላል ብለው ያምናሉ?

አሠልጣኙ፦ ሕጉን አልነቅፈውም። መሣሪያ በየቤቱ ተደብቆ ምን እንዳደረገን እያየን ነው።

ባለሽጉጡ፦ እኔም አልነቅፈውም። የምጠይቅዎ ያ ሰው ዛሬ ማታ ምን ያደርጋል ብዬ ነው። እርስዎ "አቁም፣ ጥራ" ብለውታል። ማቆሙን አቆመ። የሚጠራው ግን የለውም፣ ወይም የሚጠራውን ይፈራል። ፖሊሱ እንደሚጠይቀው እርግጠኛ ነው፣ ጥይቱ እንደሚፈነዳ ግን እርግጠኛ አይደለም። ሰው ደግሞ የሚፈራው እርግጠኛ የሆነበትን ነው። ስለዚህ በሩን ዘግቶ ዘንጉን ያነሳል። እርስዎ ስላላስተማሩት አይተወውም፣ ሳያውቅ ያደርገዋል እንጂ። የማይቀር ከሆነ ቢያንስ በአፈሙዙ በኩል እንዳይገባ፣ እንዳያሞቀው፣ መዶሻ እንዳያነሳ ማወቅ የለበትም?

አሠልጣኙ፦ "እንዳያደርግ" የሚለውን እነግረዋለሁ። ስነግረው ውዬ ስነግረው አድራለሁ። በዚህ አልከራከርህም።

ባለሽጉጡ፦ እንዴት እንደሚያደርግስ?

አሠልጣኙ፦ እሱን አልነግረውም። ለምን መሰለህ? ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ፤ ሰው ከትምህርት ምን ይዞ እንደሚቀር አውቃለሁ። እጅ የሚሠራውን ይዞ ይቀራል። "ይህ ከሆነ ብቻ" የምትለዋን ይረሳታል። "ከኋላ ጥይት እንደሌለ በዓይንህ ካረጋገጥክ፣ አረሩን በናስ ዘንግ ግፋው" ብዬ ብናገር፣ በዓመቱ በዚያ ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረችው "በናስ ዘንግ ግፋው" የምትለዋ ናት። ማረጋገጫዋ ትወድቃለች። እኔ እንደነገርኩትም ይናገራል። "እከሌ ነው ያስተማረኝ" ብሎ ጎረቤቱንም ያስተምራል።

ባለሽጉጡ፦ ያ ከሆነ ሐኪምም ለበሽተኛ መድኃኒት ሊያዝ አይገባውም፣ መጠኑን ይረሳዋልና።

አሠልጣኙ፦ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ መጠኑ ተጽፏል። ሽጉጡ ላይ "ጎርሻለሁ" የሚል አልተጻፈም።

ባለሽጉጡ፦ እንግዲያው ለዚያ ሰው ለዛሬ ማታ ምን ይሰጡታል? ባዶ እጁን አይተዉት።

አሠልጣኙ፦ ለእጁ ሥራ እሰጠዋለሁ። ካርታው ይውጣ፣ ወጥቶም ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሽጉጡን እንደጎረሰ ይቁጠረው፣ ባዶ መሆኑን ቢያምንም እንኳ። አሸዋ ወይም አፈር በተሞላ ጠንካራ ባልዲ ውስጥ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ እንጂ ወደ ግድግዳ አይዙር፣ የጭቃ ግድግዳ አረር አያቆምም፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ሰው ይተኛል። ሰው ሁሉ ከዚያ ክፍል ይውጣ። ከዚያ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ፣ አፈሙዙ ሰው ወደማይኖርበት ዞሮ ይቆለፍበት። ላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍበት፣ "ጎርሷል፣ አይነካ"።

ባለሽጉጡ፦ ማንበብ የማይችል ልጅ ቢያገኘውስ?

አሠልጣኙ፦ ለዚያ ነው ቁልፍ ያልኩህ።

ባለሽጉጡ፦ እየነገሩኝ ያሉት እኮ የጎረሰና የማይከፈት ሽጉጥ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ለቀናት፣ ምናልባት ለወራት ይቀመጥ ነው። ማላቀቁ አደጋ አለው፣ እሺ። ማስቀመጡስ የለውም? እኔ ባላቅቀው አደጋው የእኔ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ነው። ባስቀምጠው የልጆቼ ነው፣ ቀኑም አይታወቅም።

አሠልጣኙ፦ ይህን አላልኩም... ቆይ። ከባድ ነገር ነው ያነሳኸው። ለቀናት ይቀመጥ አላልኩም፣ እስኪነጋ ይቀመጥ ነው ያልኩት። ሲነጋ ደግሞ ፖሊሱ ዘንድ ሄዶ መናገር አለበት፣ ቢያስጠይቀውም። ያ ሰው በሁለት ፍርሃት መካከል ነው የቆመው፣ አንተ ትንሹን ፍርሃት ልታቀልለት ትፈልጋለህ፣ እኔ ትልቁን እንዲያይ እፈልጋለሁ። ደግሞም አደጋው "የእኔ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ነው" አትበለኝ። ቤት ውስጥ ዘንግ ይዞ የሚታገል ሰው አፈሙዙ ወዴት እንደሚዞር ረስቶታል። እጁ ሲደክም ሽጉጡን ጉልበቱ ላይ ያደርገዋል፣ ወደ በሩ ያዞረዋል፣ በሩ ላይ ደግሞ ማን ቆሞ እያየ ነው? ልጁ ነው።

ባለሽጉጡ፦ ያም እውነት ነው። ግን እስኪነጋ ያሉትን አላምንም። ሲነጋ እርሻ አለ፣ ገበያ አለ፣ "ከበዓል በኋላ እናገራለሁ" ይላል። ሣጥኑ ተቆልፎ ይሰነብታል። አንድ ማታ ደግሞ ውሻ ሲጮህ፣ ሌባ የመጣ ሲመስለው፣ ቁልፉን ያነሳል። በዚያን ሰዓት የጻፈውን አያነብም።

አሠልጣኙ፦ ቁልፉ እሱ ጋ አይሁን እንግዲያው። ለሚስቱ ይስጣት። ለምን እንደተቆለፈም ቁጭ ብሎ ያስረዳት፣ ያቺን አንዷን ነገር ብቻ፦ ጎርሷል፣ አይከፈትም፣ ማንም ቢጠይቅሽ አትስጪ።

ባለሽጉጡ፦ እሱ ራሱ ሌባ መጣ ብሎ ቢጠይቃትስ? ትሰጠዋለች ጋሼ። ባሏ ነው።